የጠፋው ዦዜፍ

ዛሬ ከባለቤቴ አክስት ጋር የድሮ የኩቤክ (ካናዳ) ደብር መዝገብ ስናገላብጥ ዋልን። እናታቸው "በሕፃንነቱ የሞተ ወንድም ነበረኝ" ይሉ ነበር አሉ። ስሙን የሚያውቅ ግን የለም።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን በመዝገብ የታደሉ ናቸው። ከ1621 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥምቀት፣ ጋብቻ፣ ቀብር ተጽፏል። ከጊዜ በኋላ በሁለት ቅጂ ሆነ፤ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ለመንግሥት።

ጣጣው ስሙ ላይ ነው። ያኔ ወንዱ ሁሉ ማለት ይቻላል ዦዜፍ፣ ሴቷም ማሪ ተብለው ይጠመቁ ነበር፤ መጠሪያቸው ከኋላ ይከተላል። አስራ ሁለት ልጅ ባለበት ቤት ዦዜፍን መፈለግ ፒያሳ ቆሞ "አበበ!" ብሎ እንደመጣራት ነው። አንዱ ሲሞትም ስሙን ለሚቀጥለው ይሰጡት ነበር። (እኛ ብንሆን ምትኩ ወይም ካሳ ብለን እንገላገል ነበር።)

ስለዚህ ጥምቀቱን ትተን ቀብሩን ያዝን። ተገኘ! በ1912 (እ.ኤ.አ.)፣ የተጠላለፈ የእጅ ጽሕፈት፣ ጥቂት መስመር። ዕድሜው አምስት ቀን። አባትየው ቀብሩ ላይ ነበር፤ መፈረም እንደማይችል ቄሱ ጽፈዋል። እዚህ ጋ አክስት መነጽራቸውን አወለቁ።

ከዚያ ስልክ አንስተው ለእህታቸው ደወሉ። አሁን ከየትኛው ዦዜፍ በፊት እንደተወለደ እየተጨቃጨቁ ነው።