ዳማ የማንን ዱካ ነበር የሚከተለው?

ዳማ 11 ወር ሞላው። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ከአንድ ገበሬ ያመጣሁት የሐበሻ ውሻ ነው። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ስለሆነ ግዳይ አናውቅም። ጨዋታችን በአፍንጫ ብቻ ነው።

መለኪያ ያደረግኩት በፈረንጆቹ 1969 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ ሁለገብ አዳኝ ውሾች ማኅበር ለወጣት ውሾች የሚሰጠውን ፈተና ነው። እስከ 16 ወር ዕድሜ ላለው ውሻ ነው። ሜዳ ላይ መፈለግ፣ ወፍ ሲሸተው ቆሞ ማመልከት፣ ዱካ መከተል፣ መዋኘት አለበት። ነጥቡ ከ0 እስከ 4 ነው። ማመልከቱን እርሱት። ዳማ ቆቅ ከሸተተችው ዘሎ ነው የሚገባባት፤ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ።

ዱካ ላይ ግን ጎበዝ መስሎኝ ነበር። ከበዓል የተረፈ የዶሮ ክንፍ በገመድ አስሬ ሣሩ ላይ 150 ሜትር እጎትታለሁ። ጀርመኖቹ በአዳኝ ውሻ ፈተናቸው ለወፍ ጉተታ የሚጠቀሙበት ርቀት ነው። ዳማ አንድም ቀን አልሳተም። ቡና ላይ ጉራዬን ነፋሁ።

አንድ ጠዋት ክንፉ መንገድ ላይ ተፈትቶ ወደቀ። እኔ አላየሁም። ዳማ እያነፈነፈ መጣ፣ ክንፉን አለፈው፣ እኔ ከተደበቅኩበት ቁጥቋጦ ደርሶ ጭራውን ቆላ። ለካ ወር ሙሉ የተከተለው የእኔን ጫማ ነው!

አሁን ገመዱን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን፣ ክንፉን መሃል አድርገን ተራርቀን እንሄዳለን። ጎረቤታችን እማማ አይተውን «ኧረ በአላህ! አንድ የዶሮ ክንፍ ለሁለት?» አሉ። የመጀመሪያ ቀን ዳማ ወንድሜን ተከትሎ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት መሃሉን ያዘ። እስካሁን ያለ ስህተት የሄደው 90 ሜትር ነው። ከበፊቱ 150 ይልቅ ይሄ ነው ደስ ያለኝ።

ሰዓቱም ለካ ነገር ነው። ደሴ ላይ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ጠረኑ ሣሩ ላይ ይቆያል። ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ወርደን እኩለ ቀን ደረቅ አፈር ላይ ብሞክረው ገና ሳይርቅ ጠፋበት። የታመመ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ፈተናው ላይ ተኩስ የሚፈራ ውሻ ይመዘገብበታል። ጠመንጃ ስለሌለኝ የቡሄ ጅራፍ ነው የተጠቀምኩት። ከሩቅ ጀምረን፣ እሱ ምግብ እየበላ፣ ቀስ በቀስ ተጠጋን። አሁን ጆሮውን ብቻ ነው የሚያቆመው።

የቀረን መዋኘቱ ነው። ማይባር ሐይቅ ወስጄው ላባ ያሰርኩበት እንጨት ወረወርኩ። ገብቶ ዋኝቶ አመጣ። ፈተናው ግን ሁለት ጊዜ እንዲገባ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ስወረውር እንጨቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ቁጭ አለ። እናንተ የእናንተዎቹን በምን አስገባችኋቸው?