ውሃ የጠጣ ኮምፕረሰር

ዛሬ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ከሚቆርጠው የፕላዝማ ማሽናችን ጋር ስንፋጠጥ ዋልን። ኖዝልና ኤሌክትሮድ (የመቁረጫው ቶርች ጫፍ ላይ ያሉት ተቀያሪ ዕቃዎች) ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ቁርጡም ያዘነብላል። ልጆቹ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብለው ደምድመዋል። (ፎርጅድ ያልተባለ ነገር የለም መቼም!)

ለማሽኑ አየር የሚሰጠውን የኮምፕረሰር ታንክ ከስር ስንከፍተው ግን ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። ክረምት ነዋ! አየሩ እርጥብ ነው፤ ታምቆ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ውሃው ቶርቹ ውስጥ ሲደርስ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ያለችውን የሃፍኒየም (ሙቀት የሚችል ብረት) ነጥብ ቶሎ ያስበላታል፤ የኖዝሉንም ቀዳዳ ያበላሻል። ቀዳዳው ክብነቱን ካጣ ደግሞ ቀጥ ያለ ቁርጥ አይታሰብም። ታንኩን አጠፈፍን፣ ማጣሪያውን ቀየርን፣ ማድረቂያ ጨመርንበት።

ሁለተኛው ጣጣ ከፍታው ነበር። ላሜራውን ሲበሳ ቶርቹ ከመቁረጫው ከፍታ ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ከፍ ማለት አለበት። በ1.5 ሚሊ የሚቆርጥ በ3 ሚሊ ቢበሳ ጥሩ ነው። አለዚያ የቀለጠው ብረት ተመልሶ ኖዝሉን ይመታዋል። የኛ ማሽን በሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር ተሞልቶለት ነው የቆየው!

የመቁረጫ ፍጥነቱን ከቁርጡ ስር ተጣብቆ የሚቀረው ብረት ይነግራችኋል። ወፍራምና በቀላሉ የሚረግፍ ከሆነ ማሽኑ ዘግይቷል። ቀጭንና ሙጭጭ ያለ ከሆነ ፈጥኗል። የኛው ሙጭጭ ያለው ስለነበር ትንሽ ቀነስንለት።

ከሰዓት የወጣው ቁርጥ ግራይንደር እንኳን ብዙም አልፈለገም። ልጆቹ ግን አሁንም ስለ ፎርጅድ ያወራሉ። ነገ 20 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት መቁረጥ እንጀምራለን፤ በአየር ብቻ የሞከረው ካለ ኮመንት ላይ ጣል ያድርግልኝ።