ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል

ባንዳችን ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ዓርብ ዓርብ ይጫወታል። እኔ ኪቦርድ ላይ ነኝ። ቤዝ የሚጫወተው ከቤዝ ጊታር ወደ ኮንትራባስ፣ ማለትም ቆሞ ወደሚያዘው ትልቁ ቤዝ፣ የተሻገረ ወጣት ነው፤ ጆሮው አይታማም። ትዝታ ሜጀርን በሲ፣ ማለትም መነሻው ሲ ሆኖ፣ ሲጫወት እንከን አይወጣለትም። በሲ ግን ዲ እና ጂ ጣት ሳይጫናቸው የሚመቱ ባዶ ክሮች ስለሆኑ ግራ እጁ በየመሃሉ ያርፋል።

አንድ ምሽት ድምፃዊቷ «ዛሬ ጉሮሮዬ ደህና ነው፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጉልኝ» አለች። ኪቦርድ ላይ እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ ድረስ ማለት ነው፤ መነሻው ከሲ ወደ ዲ ፍላት መሆኑ ነው። እዚያ ባዶ ክር የለም። ልጁ እንደለመደው አራቱን ጣቶች ለአራት ግማሽ ድምፅ ዘረጋቸው። የቀለበት ጣቱ አልደርስ ስትል ኤፍም ቢ ፍላትም ዝቅ ብለው ወጡ። ዘፈኑ ሳያልቅ እጁን ያራግፍ ጀመር። ድምፃዊቷ ደግሞ በዓይኗ የምታርደው እኔን!

በእረፍት ሰዓት ጡረታ የወጡ የኮንትራባስ ሰው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ሜትር አስመጡና ለኩ። ከአንደኛው ጣት እስከ አራተኛው ኮንትራባሱ ላይ 16 ሳንቲም ገደማ፤ ቤዝ ጊታሩ ላይ 13።

«ልጄ፣ እጅህ ጎማ ነው እንዴ? እጅህን አንቀሳቅሰው እንጂ አትዘርጋው!»

ከዚያ አሳዩት። ዲ ፍላትን ኤ ክር ላይ በትንሿ ጣት ይዞ፣ እጁን ሙሉ በሙሉ ግማሽ ድምፅ ወደ መቃኛው በኩል መመለስ። ቀጥሎ ዲ ክር ላይ ኢ ፍላት በአመልካች፣ ኤፍ በትንሿ። ጂ ክር ላይ ኤ ፍላትና ቢ ፍላት በዚያው አያያዝ። ስፋቱ 11 ሳንቲም ብቻ ሆነ። የቀለበት ጣት ለብቻዋ ድምፅ አትይዝም፣ ትንሿን ታግዛለች። አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ፣ በመሃል ጣት ትክክል ዘና ብሎ ይቀመጣል።

የጋሼ ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪየና ያስተምር የነበረው የፍራንዝ ሲማንድል መንገድ ነው። ጣሊያኖች በመሃል ጣት ፈንታ የቀለበቷን ያሠራሉ፤ ይህን ጋሼ ፊት ባታነሱት ይሻላል።

ልጁ ደጋግሞ ሞከረውና ቀና አለ። «ጋሼ፣ ታዲያ የመሃሏ ጣት ሥራ ፈት ናት?»

«አንቺሆዬ ገና ሲነሳ ግማሽ ድምፅ አይደል? ሳምንት ስንጀምረው ታያታለህ።»