ሽማግሌ ሊመጣ ሲል ቤት አይቀባም

ታናሽ እህቴን ሽማግሌ ሊጠይቃት እንደሚመጣ የሰማሁት ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ቀኑ መስከረም ውስጥ ተቆረጠ። እናታችን ከኔ ጋር ስለምትኖር የሚመጡት እኔ ቤት ነው፤ ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከገባሁበት ጀምሮ ቀለም ነክቶት አያውቅም። የልጆች እጅ አለ፣ የእጣን ጭስ አለ፣ ከሶፋው ጀርባ ደግሞ አንድ ቢጫ እድፍ አለ። እድፉን ሶፋ ስለሚሸፍነው ረስቼዋለሁ። ያኔ አንድ ሰው «ቀለሙ ይቆይና መጀመሪያ ሶፋውን አንሺው» ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ቀቢ ማግኘት ቀላል ነው፤ ጎረቤት ጠይቁ። የሰራውን ቤት ሄዳችሁ እዩ ይባላል፣ ልክ ነው፣ ግን ከተቀባ አንድ ክረምት ያለፈውን እዩ። ትናንት የተቀባ ቤት ሁሉ ያምራል። እኔ ሳምንት ያልሞላው ቤት አይቼ «ወርቅ እጅ አለው» ብዬ ተመለስኩ።

ዋጋው በካሬ ነው። ቤቴ 51 ካሬ ስለሆነ በ51 አባዝቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀቢው ልጅ ሳቀብኝ። የሚለካው ወለሉ ሳይሆን ግድግዳው ነው ለካ። 4 በ5 የሆነ ሳሎን ቁመቱ 2 ሜትር ከ70 ከሆነ፣ ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብቻ 48 ካሬ ከምናምን ይመጣል፣ ኮርኒሱ ሌላ 20። የበርና የመስኮቱ ቦታ ይቀነስ አይቀነስ፣ ስንት እጅ ይቀባል፣ ስቱኮው (ከቀለም በፊት ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ማለስለሻ) ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው፣ ይሄን ሁሉ ሥራው ሳይጀመር ወረቀት ላይ አስፍሩት። እኛ በቃል ተስማማን፤ ደግነቱ በዚህ በኩል አልተጣላንም።

ቀለሙን ራሳችሁ ግዙ። ቀቢው «እኔ በቅናሽ አመጣልሻለሁ» ሲል ከሱቁ ትንሽ ነገር ሊያገኝ ይችላል፤ አልፈርድበትም፣ ግን ከኔ ኪስ ነው። ላንድ ክፍል የሚበቃውን ሁሉ ባንድ ቀን አስበጥብጡና ትልቅ ባልዲ ውስጥ ደባልቁት፤ የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ እንኳ ዛሬ የተበጠበጠውና ሳምንት የሚበጠበጠው ላይመሳሰል ይችላል። ባዶ ጣሳ አትጣሉ፣ ቁጠሩት። የአሮጌ በር ቀለም ደግሞ በደረቁ አታስፍቁ፣ በተለይ ሕፃን ያለበት ቤት። አቧራው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚል ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ በራችሁ ከዚያ በፊት ከተቀባ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከሩ ይሥሩት፣ አቧራውንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

አሁን ወደ ግድግዳው።

ልጁ ሶፋውን ሲያነሳ ቢጫው እድፍ የትሪ ያህል ሆኖ ጠበቀን። በመዳፉ ነካው። «እህቴ፣ ይሄ ግድግዳ ውሃ አለው። ትንሽ ብንቆይስ?» አለኝ። በትክክል እንዲህ ነው ያለኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ክረምት ነው፣ የማን ግድግዳ ደረቅ ነው? ስቱኮውን ወፈር አድርገው።» አደረገው። ልጁን ስረግም የከረምኩት ይሄን ንግግሬን ለማንም ሳልናገር ነው።

ስቱኮው ጄሶ አለበት። ጄሶ ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይለሰልሳል። በላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ስትደርቡበት ውሃው መውጫ ያጣና ከውስጥ ይገፋል። ይሄን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው ሳሎኑ ነጭ ሆኖ እናቴ እልል ማለቷን ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ስለነበር ሙሉ ሂሳቡን ከፈልኩት፣ ለበዓል ብዬም ጨመርኩለት።

በሳምንቱ ከሶፋው በላይ ቡጉር የምታህል ነገር ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት አምባሻ አከለች። በጣቴ ስጫናት ትረግባለች፣ ስለቃት ትመለሳለች። ስዕል ሰቀልኩባት።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ትልቁን ያስቀመጥናቸው መቼም የክብር ቦታ ስለሆነ ሶፋው መሃል፣ ከስዕሉ ስር። ጨዋታው ደርቶ ወደ ጉዳዩ ሊገቡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ስዕሉ ተንሸራተተ፣ ተከትሎም የእጅ መዳፍ የሚያህል የስቱኮ ቅርፊት ትከሻቸው ላይ ወረደ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰውየው ጋቢያቸውን ቀስ ብለው አራገፉና ወደ ላይ አይተው «ገና ሳንጠይቅ ቤቱ ሰጠ!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ልጁ ጋ ስደውል መጀመሪያ «መጣሁ» አለ፣ ቀጥሎ አያነሳም፣ ቀጥሎ ስልኩ ዝግ ነው። ሙሉ የተከፈለው ሰው ለምን ይምጣ? አሁን ቢሆን ሲጀምር ሲሶ፣ ስቱኮው ተፍቆ ሳየው ሲሶ፣ የቀረውን ቀለሙ ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምከፍለው። አንዳንዱ ቀቢ «እንዲህ አልሰራም» ይላል። ይሂድ።

ከዚያ ደግሞ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ «ውሃ የማያሳልፍ ቀለም አለ፣ ችግርሽን ይፈታል» አለኝ። ውድ ነው፣ ገዛሁ፣ ራሴ ቀባሁ። በወሩ እንደ እንጀራ ከዳር ይዤ አንድ ላይ አነሳሁት። ውሃው ከኋላ እየመጣ ከፊት መዝጋት ማለት መተንፈሻውን መድፈን ነው፤ ሻጭ የነገራችሁን ሳይሆን ግድግዳው የሚላችሁን ስሙ።

ከኋላ የሚመጣው ከየት ነው? ከላይ ነው። የላይኛው ቤት መታጠቢያ ከሳሎኔ ግድግዳ ጥግ በላይ ነው። የሚኖሩበት ተከራዮች ናቸው፣ ባለቤቷ ዱባይ ናት። ተከራዮቹ «ባለቤቷን አነጋግሪ» አሉ። ባለቤቷ በኢሞ «የኔ ቤት አያፈስም፣ የኮንዶሚኒየሙ ማህበር ያረጋግጥ» አለች። የማህበሩ ኮሚቴ ጋ ስሄድ «ማመልከቻ ጻፊ» ተባልኩ። ጻፍኩ። «ሰብሳቢው የሉም፣ ሰኞ ነይ።» ሰኞ ሰብሳቢው አሉ፣ ማህተም የያዘችው የለችም። ሐሙስ እሷ አለች፣ ማመልከቻዬ የለም። ደግሜ ጻፍኩ። ወረዳ ስሄድ «መጀመሪያ ከማህበሩ ደብዳቤ ይጻፍልሽ» አሉኝ። አንድ ወር ሙሉ፣ ከሥራ እያስፈቀድኩ፣ ውሃ ከየት እንደሚመጣ የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ደረጃ እንዲወጣ ለመንኩ። ከኔ በር እስከነሱ በር 18 ደረጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

መፍትሄው የመጣው ከሁለተኛው ቀቢ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ግድግዳውን አይተው ስለ ዋጋ አላወሩም። ፌስታል ቀደው ግድግዳው ላይ ዳር ዳሩን በስኮች ለጠፉትና «ነገ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ከፌስታሉ ስር ላብ ነበር። «ከክፍሉ አየር ቢሆን ከላይ ነበር የሚያልበው፤ ይሄ ከውስጥ ነው» አሉ። ከዚያ ቀይ የኬክ ቀለም ግዢ አሉኝ። አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዤ ላይ ቤት ወጣሁ፣ ተከራዮቹን አስፈቀድን፣ ጋሼ ቀለሙን በባልዲ ውሃ በጥብጠው የሻወሩ ወለል ላይ ደፉት። ንጋት ላይ ግድግዳዬ ሮዝ ሆነ። ፎቶውን ዱባይ ላክሁ። ባለቤቷ አንድ ቃል አልጻፈችም፤ በሦስተኛው ቀን የቧንቧ ሰራተኛ መጣ። የፍሳሽ መውረጃው ዙሪያ ተሰንጥቆ ነው።

የቀረው አጭር ነው። ጋሼ የረጠበውን ስቱኮ እስከ ልስኑ ድረስ ፈልፍለው አወጡት፣ የሻገተውን በበረኪና አጠቡ፣ ሄዱ። ስድስት ሳምንት ባዶ ግድግዳ እያየን ከረምን፤ እናቴ «ቤቱ ሐዘን የገባው መሰለ» ትል ነበር። ፌስታሉ ደርቆ እስኪገኝ ቀለም አልነኩም። ተመልሰው ሲመጡ እዚያ ቦታ ላይ ጄሶ ትተው በሲሚንቶ አስተካከሉት፣ አንድ እጅ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው)፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም። በየመሃሉ ብርጭቆ ወረቀት። የእጅ ዋጋቸው ከልጁ ይበልጣል፤ ያስከፈሉኝም የፈለፈሉበትንና የጠበቁበትን እንጂ የቀቡበትን አይመስለኝም።

እህቴ ጥር ላይ ተዳረች። የሚቀጥለውም ክረምት መጥቶ አለፈ፣ ግድግዳው ነጭ ነው፣ ሶፋውን ግን ከዚያ ቦታ አንስቼዋለሁ፣ አላምነውም። የማህበሩ ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። «የቀረበው የውሃ ፍሳሽ አቤቱታ እንዲጣራ» ይላል። ማህተሙ በጣም ጥርት ብሎ ነው የተመታው።