ይከተለዋል፣ ግን አይደርስበትም

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የላብ ቴክኒሺያን ነኝ። ቢከር አጥባለሁ፣ ማይክሮስኮፕ አጸዳለሁ፣ ፕሪንተር ሲበላሽም ወደ እኔው ነው የሚመጣው። አንድ ቴሌስኮፕም አለን። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪ ነው የሰጠን። 20 ሴንቲ ሜትር መስታወት ያለው፣ ቆንጆ ዕቃ። ቱቦው ላይ ምንም አይወጣለትም። ጣጣው መቆሚያው ላይ ነበር።

ስለ መቆሚያው ትንሽ ልበል፣ ካለዚያ ወሬው አይገባም። ኢኪው 5 ይሉታል። ምድር ስለምትዞር ኮከብ ሁሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሸሻል፤ የመቆሚያው ሥራ በዚያው ፍጥነት ቱቦውን እያዞረ ማሳደድ ነው። ውስጡ 144 ጥርስ ያለው ማርሽ አለ። ማርሹን የሚገፋው ደግሞ ዎርም የሚሉት፣ ብሎን የመሰለ ዘንግ ነው። ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር ማርሹ አንድ ጥርስ ይሄዳል። በቃ፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

የኛው ሞተር በፕላስቲክ ጥርሶች ነበር የሚሠራው። ቁልፉን ስትጫኑት ሦስት አራት ሰከንድ ዝም ይልና ድንገት ዘሎ ይነሳል። ድምፁ የቡና ወፍጮ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካው የቀባው ግራሶ እንደ ማስቲሽ ተጋግሯል። የፊዚክሷ መምህርት «ይኼን ነገር አንድ በለው እንጂ» ትለኛለች በየሳምንቱ፣ እኔም መነካካት እወዳለሁ፣ ሰበብ ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ኦንስቴፕ የሚባል፣ የቴሌስኮፕ መቆሚያ ሞተሮችን የሚያዝ፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበት ፕሮግራም አለ። እሱን አንድ ትንሽ ቦርድ ላይ ትጭናላችሁ፣ ኔማ 17 የሚሉትን፣ በትንንሽ እርምጃ እየተቆጠረ የሚዞር ሞተር ሁለት ትገዛላችሁ፣ የፕላስቲኩን ጥርስ አውጥታችሁ በፑሊና በቺንጋ ትተካላችሁ። ሞተሩ ላይ 16 ጥርስ፣ ዎርሙ ላይ 48 ጥርስ። ዕቃው እዚህ ስለማይገኝ ዱባይ ላለው ለእህቴ ልጅ ዝርዝሩን ላክሁለት። ሰው ሲመጣ በሻንጣ ሰደደልኝ። ከዚያ በፊት ቴሌግራም ላይ ረጅም የድምፅ መልእክት ልኮልኝ ነበር፤ «አጎቴ፣ ሞተሩን ትንሽ የተሻለውን ነው የገዛሁልህ» ሲል ሰማሁና «ተባረክ» ብዬ መለስኩለት። ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ዕቃ ግን ከዱባይም አይመጣም። ይህ መቆሚያ ለአውሮፓ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው መሰለኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ይቸገራል። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለራቅን ወደ ሰሜን ኮከብ የሚያነጣጥረው የመቆሚያው ዋና ዘንግ ወደ ሰማይ ቀና ከማለት ይልቅ ሊተኛ ምንም አይቀረውም። ሲተኛ ደግሞ ታች የሚንጠለጠለው የሚዛን ብረት እግሩን ይገጫል። መፍትሔው መቆሚያውን ከእግሮቹ ከፍ የሚያደርግ ቱቦ መሃል ላይ መጨመር ነው። አንድ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ሥዕሌን አገላብጦ አየና «የምን መኪና ነው?» አለኝ። የመኪና አይደለም፣ የኮከብ ማያ ነው አልኩት። «እሺ፣ ስንት ሚሊ?» 20 ሴንቲ ቱቦ ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክሎ፣ ቀዳዳ አበጅቶ በማግስቱ ሰጠኝ። ከገጠምኩት ሁሉ እስከዛሬ አንድም ቀን ያላስቸገረኝ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ተቀምጬ ፈታሁት። ግራሶውን በላምባ አጠብኩ። ኩሽኔታ ቀየርኩ። ፑሊና ቺንጋ ገጠምኩ። ቦርድ፣ ሞተር፣ ሽቦ፣ ሁሉንም በአንዴ። ፕሮግራሙ በዲግሪ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ንገረኝ ይላል። ሞተሩ በዙር 200 እርምጃ፣ እያንዳንዱ በ32 ተከፍሎ፣ በ3 ተባዝቶ፣ በ144 ተባዝቶ፣ ለ360 ሲካፈል 7680። ሁለቴ አሰላሁት፣ ልክ ነው። ቀን ላይ ላብ ውስጥ አዟዟርኩት። ዞረ። ድምፁ አይሰማም። መምህርቷ አጨበጨበች። ሰማይ ላይ ሳልሞክረው «አርብ ማታ ተማሪዎቹን ጥሪያቸው» አልኳት፣ እኔው ራሴ ነኝ ያልኩት።

ኅዳር 2017 ነው። ሳተርን ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አናታችን አካባቢ ትደርሳለች። ቀለበቷ በዚያ ዓመት በጎን ስለሚታየን ቀጥኗል፣ ግን ይታያል። አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች ሹራባቸውን ደራርበው ተሰልፈዋል። «ወደ ሳተርን ሂድ» የሚለውን ተጫንኩ። መቆሚያው በኩራት ተነስቶ ሄደ፣ ሄደ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ደርሻለሁ ይላል። የደረሰበት ቦታ ላይ ምንም የለም።

ጸጥ ባለ ቦታ ብሆን እዚያው ይገባኝ ነበር። አርባ ልጅ እያየህ ግን ጭንቅላት አይሠራም። ፍሪሲዮኑን አላልቼ በእጄ ሳተርን ላይ አነጣጠርኩ። 200 ጊዜ በሚያጎላው ሌንስ የመጀመሪያዋ ልጅ አየች፣ «ዋው» አለች፣ ሁለተኛው ልጅ ዓይኑን ሲያስጠጋ የለም። መለስኩት። አንድ ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። መለስኩት። እንዲህ እያልን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቱቦውን እንደ ሕፃን ሳባብል አመሸሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የሰሜን ኮከብ ስለማትታይ ነው» እላለሁ። ውሸትም አይደለም፤ የዘንጉ ጫፍ ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠር አለበት፣ እሷ ደግሞ በ9 ዲግሪ ከፍታ እንጦጦ ተራራ ጀርባ ተደብቃለች፣ ስለዚህ በስልክ ኮምፓስና በውሃ ልክ ነው የገመትኩት።

ሁሉም ሲሄድ የጥበቃው ጋሼ መጡ። ምሽቱን ሙሉ ከበሩ ሆነው ሲያዩን ነበር። «ልጄ፣ እኔም ልይ» አሉ። ሞተሩን አጥፍቼው ስለነበር ሳተርን ወዲያው አመለጠቻቸው። አበራሁትና አስተካክዬ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ስታጠፋው ቶሎ ያመልጣል፣ ስታበራው ቀስ ብሎ ነው የሚያመልጠው» አሉኝ። «ይከተለዋል፣ ግን አይደርስበትም።»

እሺ ጋሼ አልኩና ዕቃዬን ሸከፍኩ። አልሰማኋቸውም ማለት ይቻላል።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወረቀት አወጣሁ። ዘንጉ ከሰሜን 5 ዲግሪ ቢሳሳት እንኳ፣ በዚያ ሌንስ ሳተርን መሃል ላይ ካለች ለመውጣት ቢያንስ 5 ደቂቃ ይፈጅባታል። የኛዋ በአንድ ደቂቃ ነው የወጣችው። ሞተሩ ጨርሶ ካልሠራ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ። እንጦጦን በከንቱ ነው ያማሁት።

ከዚያስ ምኑ ነው? እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ሁሉንም በአንዴ ቀይሬያለሁ። ቺንጋው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ፑሊው ላልቶ ይሆናል። አዲሱ ኩሽኔታ ይዞት፣ ዎርሙን አጥብቄው፣ የቦርዱ ሰዓት ተዛብቶ፣ ሁሉም ያስኬዳል። አንዱን ቀይሬ አንዱን ሞክሬ ቢሆን ኖሮ የምጠረጥረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የዎርሙ ፑሊ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሰማይ በ86164 ሰከንድ አንድ ዙር ይዞራል፤ ለ144 ጥርስ ሲካፈል ዎርሙ አንዱን ዙር በ598 ሰከንድ መጨረስ አለበት፣ 10 ደቂቃ ሊሞላ 2 ሰከንድ ሲቀረው ማለት ነው። የስልኬን ሰዓት አስነሳሁና ማኪያቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። 10 ደቂቃ ሲሆን ፕላስተሩ ገና ታች ነው። ዙሩን የሞላው 20 ደቂቃ ሊሆን ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ነው።

ግማሽ። ትንሽ በዛ፣ ትንሽ አነሰ አይደለም፣ ልክ ግማሽ። የሚንሸራተት ቺንጋ እንዲህ ቆጥሮ አይንሸራተትም። ቁጥር ነው የተሳሳተው።

ቴሌግራሜን ከፍቼ የእህቴን ልጅ መልእክት ፈለግኩ። 1 ደቂቃ ከ40 ነው፤ እኔ «ተባረክ» ያልኩት ግማሹን ሰምቼ ኖሯል። ወደ መጨረሻው ላይ «ባለ 1.8 ዲግሪው ነበር ያልከኝ፣ ሻጩ ባለ 0.9ኙ የበለጠ ለስላሳ ነው ስላለኝ እሱን ነው የወሰድኩት» ይላል። ልጁ ምን አጠፋ? ዕቃውም እውነትም የተሻለ ነው። በአንድ እርምጃ 0.9 ዲግሪ ብቻ ስለሚዞር ግን በዙር የሚሄደው 200 ሳይሆን 400 እርምጃ ነው። እኔ የሰጠሁትን ቁጥር አምኖ ቦርዱ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ደርሻለሁ ብሎ ይቆማል፣ ሲያሳድድም በግማሽ ፍጥነት ያሳድዳል።

7680ን አጥፍቼ 15360 ጻፍኩ። ፕላስተሩን እንደገና ለካሁት፣ 9 ደቂቃ ከ58።

ረቡዕ ማታ ማንንም ሳልጠራ አወጣሁት። ጋሼን ብቻ ጠራኋቸው። አዩ። መኪና ጥሩንባ ነፋና በር ሊከፍቱ ሄዱ፣ ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱና እንደገና አጎነበሱ። «እዚሁ ነው እንዴ!» አሉ።

ቱቦውን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያዞረው ሌላኛው ዎርም ግን አሁንም ይወዛወዛል፣ እሱን ቺንጋ አያድነውም። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲዘጋ እከፍተዋለሁ። እሱን ብቻ።