ያረረችዋ ጫፍ

ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት አልሄድም ነበር። ቀጥታ እናቴ የምትሠራበት ሥጋ ቤት ነው። አዳማ፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ ፊት ለፊቱ ሥጋ የተሰቀለበት፣ ቆራጩ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ቢላውን የሚስልበት፣ ከጀርባው ደግሞ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ጠባብ ማብሰያ ያለችው ቤት። እናቴን እዚያች ውስጥ ከሰሉ ላይ ጎንበስ እንዳለች አገኛታለሁ። ደብተሬን የያዝኩበትን ፌስታል ምስማሩ ላይ ስሰቅል እሷ ከፍርግርጉ ጥግ አንድ ቁራጭ አንስታ እፍ እፍ ትልና ታጎርሰኛለች። ሁሌም ያቺው ናት፦ ስቧ ቀልጦ ያለቀ፣ ጫፏ ከሰል የመሰለ፣ ስትነከስ ቀጭ የምትል። ለደንበኛ አትቀርብም፤ ስለዚህ የኔ ነች። «ያረረችዋ የልጄ» ትል ነበር።

ዛሬ 41 ዓመቴ ነው። ጥብስ ሲቀርብ እጄ አሁንም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠቆረው ነው።

ባለፈው ወር በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ የድምፅ መልእክት ዞረ። አንድ ሰው ረጋ ባለ ድምፅ፣ ከሰል ላይ የተጠበሰ ሥጋ ደጋግሞ የሚበላ ሰው ካንሰርን በገዛ እጁ እየጠራ ነው ይላል። በማግስቱ ስድስት ሆነን ጥብስ ከበን ስንቀመጥ ማንም እንደወትሮው አልተሻማም። አንዷ ባልደረባዬ ወደኔ ዞራ «አንተ ጥብስ ቤት ነው ያደግከው፤ እስቲ ንገረን፣ እውነት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔንና ሁለት እህቶቼን አሳድጎ ያስተማረን የጥብስ ገንዘብ ነው። ነገሩ ከንክኖኝ ማታ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር እሳቱን ከሥጋው ለይቶ ማየት እንደሚያስፈልግ ነው። በፈረንጆቹ 2015 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ10 አገሮች የተውጣጡ 22 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከ800 በላይ ጥናቶች አስመርምሮ ነበር። እንደ ቋሊማና ሞርታዴላ ያለውን በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ብለው መደቡት። ቀይ ሥጋን፣ ማለትም የበሬውን፣ የበጉንና የፍየሉን፣ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም በሚለው ምድብ አስቀመጡት። ምድቡ ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚናገር ነው፤ ሥጋና ሲጋራ እኩል ይገድላሉ ማለት አይደለም። የድምፅ መልእክቱ ሰውዬ ይህን ሳይለይ ነው የተናገረው፤ ብዙ ሰው ያስደነገጠውም እሱ ነው።

እዚያው ላይ አንድ ቁጥር አለ። በቀን 100 ግራም ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ17 በመቶ ሊጨምር ይችላል ይላሉ። ከመቶ ሰው አሥራ ሰባቱ ይታመማል ማለት እንዳይመስላችሁ። በሽታው ከመቶ ሰው አምስቱን የሚይዝ ቢሆን ወደ ስድስት ይጠጋል እንደማለት ነው። ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ለአንድ አገር ግን ብዙ ሰው ነው።

ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ የራሴን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ግን ከባልደረቦቼ ጋር ግማሽ ኪሎ ለሁለት እናዛለን። ለኔ 250 ግራም፣ አራት ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ። ሥጋ ሲጠበስ ውሃውና ስቡ ስለሚሄድ ሰባት መቶ ግራም ገደማ ይቀራል። ለሰባት ቀን ሲካፈል፣ በቀን መቶ ግራም። ቁጥሩ ስለኔ የተጻፈ መሰለኝ። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው በሳምንት ከሦስት ጊዜ ሳያልፍ ቢበዛ ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከሥጋ ስለሚያርቀኝ የዓመቱ ድምር እንደሚወርድ አውቃለሁ፤ የፋሲካ ሰሞን የምንበላውን ሳስብ ደግሞ መልሶ እንደሚወጣ አውቃለሁ።

ይህ ስለ ሥጋው ነው። እሳቱ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨምርበታል።

አንደኛው ከሥጋው ከራሱ የሚወጣ ነው። ሥጋ ውስጥ ያሉት የፕሮቲን ክፍሎች፣ ስኳርና ክሬያቲን የሚባለው የጡንቻ ንጥረ ነገር ከ150 ዲግሪ በላይ ሲግሉ ሄትሮሳይክሊክ አሚን የሚባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ። እሳቱ በበረታና ሥጋው በቆየ ቁጥር ይበዛሉ። ዶሮና ዓሣም ከዚህ አያመልጡም። ሁለተኛው ከጭሱ የሚመጣው ነው። ስቡ ጠብ ሲል ፍሙ ጭስስ ብሎ ነበልባል ያነሳል፤ ያ ጭስ ተመልሶ ሥጋው ላይ ይለጠፋል። ውስጡ ቤንዞፓይሪንን የመሰሉ፣ በሲጋራ ጭስም የሚገኙ መርዞች አሉ። ያቺ የምወዳት ጥቁር ጫፍ ሁለቱንም ተሸክማ ነው የምትመጣው።

በላብራቶሪ እንስሳት ላይ እነዚህ ነገሮች ካንሰር እንደሚያመጡ ታይቷል፤ ለእንስሳቱ የተሰጠው መጠን ግን ሰው ከምግብ ከሚያገኘው በብዙ ሺህ እጥፍ የበለጠ ነበር። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች አልተስማሙም። አንዳንዶቹ በጣም የደረቀና ያረረ ሥጋ አብዝተው የሚበሉ ሰዎች በአንጀት፣ በቆሽትና በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አገኙ፤ ሌሎቹ አላገኙም። ስለዚህ ባልደረባዬ መልሳ ብትጠይቀኝ፣ አንድ ቀን የበላሽው ጥብስ አያሳስብሽ፣ ለዓመታት በየሁለት ቀኑ ያረረ መብላት ግን ያሳስብሽ ነው የምላት።

እዚህ ላይ ሸክላ ጥብስን ልከላከልለት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ከሥሩ ፍም ስላየ ብቻ የከሰል ጥብስ ይለዋል። ሥጋው ግን የተጠበሰው መጥበሻ ላይ ነው፤ ሸክላው ውስጥ ያለው ፍም እንዳይቀዘቅዝ ነው። ስቡ እሳት ላይ አይንጠባጠብም፤ ጭሱም ሥጋውን አያገኘውም። መጥበሻው እጅግ ከጋለ የመጀመሪያው ችግር አለ፣ ሁለተኛው ግን የለም ለማለት ይቻላል። ፍርግርግ ላይ ተዘርግቶ ነበልባል የሚልሰው ጎድንና ዝልዝል ሌላ ነው።

ወጥና ቅቅል ደግሞ ጭራሽ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ናቸው። ውሃ ባለበት ድስት ሙቀቱ ከመቶ ዲግሪ አያልፍም። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ውሃ የሚፈላው ከመቶም በታች፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እናቶቻችን ግማሽ ቀን የሚያንተከትኩት ወጥ 150 ዲግሪን አያውቀውም።

«እንግዲያው ጥሬውን መብላት ነዋ!» ያለ ባልደረባም ነበረኝ፣ ከልቡ ነው ያለው። ጥሬ ሥጋ ላይ ያረረ እንደሌለ እውነት ነው። ኮሶ ግን አለ። ትሉ ስሙን የወሰደው ከመድኃኒቱ ዛፍ መሆኑ ራሱ ምን ያህል አብሮን እንደኖረ ይናገራል። አያቴ የኮሶ አበባ ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ አፍንጫችንን ይዛ ስታጠጣን ዛሬም ምሬቱ ይታወሰኛል። በደንብ የበሰለ ሥጋ ከዚህ ይገላግላል፤ መብሰልና ማረር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን ሁሉ ይዤ እሁድ እናቴ ጋ ሄድኩ። 67 ዓመቷ ነው፣ ከሰል ከተወች ብዙ ጊዜዋ ነው። ቡና እያፈላች ያነበብኩትን ነገርኳት፤ ካረረ በኋላ ያለውን ሳይሆን እንዳያርር የሚመከረውን። ሥጋውን ቶሎ ቶሎ አገላብጡ ይላሉ አልኳት። «ታዲያ አንዴ ጥሎ የሚረሳ ጠባሽ ነው?» አለች። ሥጋውን ቀድማችሁ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ለውሱት ይላሉ፣ የጥብስ ቅጠል እነዚያን መጥፎ ውሁዶች እንደሚቀንስ በሙከራ አይተዋል አልኳት። የጥብስ ቅጠሉን ከማታ ጀምራ ሥጋው ላይ ታሸው እንደነበር ነገረችኝ፤ እሷ ለሽታው ብላ ነው። ወፍራሙን ሥጋ ቀድማችሁ በሌላ መንገድ ግማሽ አብስሉት፣ እሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል አልኳት። ያረጀ በሬ ጎድን ሲመጣባት መጀመሪያ በውሃ ገንፈል ታደርገው ነበር፣ አለዚያ ጥርስ አይደፍረውም።

ከዚያ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። መዳፏን ወደታች ከረከቦቱ በላይ ያዘችውና «ፍሙ አመድ ሲለብስ ነው ሥጋ የሚጣለው። እጅህን እዚህ ይዘህ አምስት መቁጠር ካልቻልክ ገና ነው። ቀይ ሆኖ ነበልባል እያለው የሚጥል ሰው ደንበኛ ያጣደፈው ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ «እኛም ተጣድፈን ነው ያሳረርነው። ቅዳሜ ገበያ ቀን ማን ፍም ይጠብቃል» አለች።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። የማብሰያዋ ጣሪያ ትዝ ብሎኝ ነበር። ጥቀርሻው እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ ሲነካው ይወዛወዛል፤ አንዳንዴ ተበጥሶ ሻሿ ላይ ያርፋል። ሳነብ ካገኘሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይህኛው ነው። በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ ለንደን ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጭስ ማውጫ ሲጠርጉ የኖሩ ወንዶች በቆለጥ ቆዳ ካንሰር እንደሚያዙ ጻፈ፤ ከጥቀርሻው ጋርም አያያዘው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ተለይቶ የወጣው ቤንዞፓይሪን፣ አሁን ስለ ጥብሳችን የምናወራበት ያው ነገር ነው። እኛ በሳምንት አራት ቀን በሹካ ጫፍ የምንቀምሰውን እናቴ 19 ዓመት፣ በቀን አሥር ሰዓት ስትተነፍሰው ኖራለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ማብሰያ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። አብዛኛው በልብ፣ በአንጎል ደም ሥርና በሳምባ በሽታ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን ጠዋት ጠዋት ሳል አላስነሳ ቢላት ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ የሳምባ ፎቶዋን አይቶ «እናት፣ ሲጋራ ስንት ዓመት አጨሱ?» ሲላት ጥያቄው አልገባትም። በዘመኗ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። ማብሰያዋ ጭስ መውጫ አልነበራትም። ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ጠይቃው «በሩ ክፍት ነው» እንዳላት ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ስለ ጥብስ ጤና የሚጨነቅ ሰው ሁሉ ስለሚበላው ሰው ብቻ ሲጠይቅ እሰማለሁ። ከጀርባ ያለችውን የሚጠይቅ አልሰማሁም። እኔም ራሴ አልጠየቅኩም፣ ልጇ ሆኜ።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ነው ጥብስ የምበላው፣ ሳዝም «ሳይደርቅ፣ ሳያርር» እላለሁ። በቀሩት ቀናት ሽሮ ወይም ቅቅል አለ። ያረረችዋን ጫፍ ቆርጬ አስቀምጣለሁ፤ ዓይኔ ግን ይከተላታል፣ አልዋሽም።

ባለፈው ማክሰኞ ሒሳብ ከፈልኩና እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ጀርባ ገባሁ። ምናልባት 25 ዓመት የሚሆናት ልጅ በካርቶን እያራገበች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ነበር። ጣሪያው ጥቁር ነው። ተመልሼ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው፤ ስድስታችን እያንዳንዳችን የሁለት ቀን የጥብስ ገንዘባችንን አዋጣን። የዚህኛው ቤት ባለቤት ጥሩ ሰው ነው፤ ቀሪውን እኔ እጨምራለሁ ብሎ በየዳ ቤት ይዞኝ ሄደ። በያጁ ከላሜራ የተጠቀለለ ቱቦ፣ ከሥሩ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ መሰብሰቢያ ያለው፣ እንደሚሠራልን ተስማማን።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ «ከጣሪያው በላይ አንድ ሜትር ይውጣ በለው» አለችኝ። «ከቆርቆሮው እኩል ካቆመው ነፋሱ መልሶ እሷው ላይ ይደፋዋል።»