አራት ወር የማንን ድምፅ ስኮርጅ ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ የጣልያን ፊልም ከሥር የሚሮጠውን ትርጉም አጥፍቼ አየሁ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሳላቆም ሄድኩ። ሁሉም ገባኝ አልልም። ግን ያልገባኝ ነገር የቱ ጋ እንዳመለጠኝ አውቅ ነበር። ከዓመት በፊት እንዲህ ይሆናል ብትሉኝ እስቅ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልጎርር ነው የመጣሁት። ጉራው ውስጥ ግን አንድ የሚያሳፍር ታሪክ አለ፣ እሱንም አብሬ ልናገር።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ጣልያንኛ ከጀመርኩ አሥራ አራት ወሬ ነው። እንደማንኛችሁም ጥቂት ቃል በነፃ ተሰጥቶኝ ነበር፦ ፋብሪካ፣ ጎማ፣ ቦርሳ፣ ፖስታ፣ ማኪያቶ። አጎቴ መካኒክ ስለሆነ ካቻቪቴና ጎሚስታ ደግሞ ከቤት ነው የተማርኳቸው። ከዚያ የስልክ አፕ። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳላቋርጥ ነካካሁት። ሰባት ወር ሙሉ የተማርኩት ግን ፖም የሚበላ ልጅና ወተት የሚጠጣ ድመት ብቻ ነው። ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለኝ ምላሴ ይታሰራል። አፕ የምትወዱ አትቀየሙኝ፣ እኔ ግን ጊዜዬን ነው የበላው።

መስከረም ላይ የጣልያን ፊልም ተዋናይቷ ክላውዲያ ካርዲናሌ አረፈች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ 2025 ማለቴ ነው።) 87 ዓመቷ ነበር። ስለ እሷ የተጻፈውን ሳነብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ የአንዲት ተዋናይትን ፊልሞች ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ባይና አነጋገሯን ብኮርጅስ? አንድ ድምፅ፣ አንድ ሰው። ጆሮ ይለምዳል። ዘዴው ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ትሰማላችሁ፣ ወዲያው ትደግሙታላችሁ፣ በስልክ ትቀዱታላችሁ፣ ከዚያ ታወዳድራላችሁ።

ሕይወቷም ደስ ይላል። የተወለደችው በ1938 ቱኒስ አጠገብ ላ ጉሌት በምትባል ቦታ ነው። ወላጆቿ ከሲሲሊ ሰዎች ዘር ናቸው። በ1957 እዚያው ቱኒዚያ ውስጥ የቁንጅና ውድድር አሸነፈች። ሽልማቱ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ማየት ነበር። በ1958 በማሪዮ ሞኒቼሊ የሌቦች ኮሜዲ ውስጥ ወንድሟ ቤት የሚቆልፍባትን ልጅ ሆና ታየች። በ1960 ከዳይሬክተሩ ቪስኮንቲ ጋር "ሮኮና ወንድሞቹ"፣ በ1961 ከዙርሊኒ ጋር "ባለ ሻንጣዋ ልጅ"፣ በ1963 እንደገና ከቪስኮንቲ ጋር "ኢል ጋቶፓርዶ"። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል ሄድኩ። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ በተለይ "ባለ ሻንጣዋ ልጅ"ን ስደጋግም ከረምኩ። እህቴ በሬን አንኳኩታ "ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቀው?" ብላኛለች።

አንድ ነገር ግን ይረብሸኝ ነበር። ከንፈሯና ቃሉ አይገጥሙም። በተለይ "ጋቶፓርዶ" ላይ። ኢንተርኔቱ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ እንደገና አወረድኩት። ያው ነው።

በሳምንት አንድ ቀን በስልክ የምታወራኝ አስተማሪ አለችኝ። ቦሎኛ የምትኖር ጡረተኛ ናት። አንድ ቀን አቋርጣኝ "ይሄ አነጋገር ከየት መጣ? እንደ ድሮ ቲያትር ነው የምታወራው" አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ከካርዲናሌ!" አልኳት። ሳቀች። ደህና አድርጋ ሳቀች። ከዚያ "ልጄ፣ እሱ እኮ የሷ ድምፅ አይደለም" አለችኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ያኔ የጣልያን ፊልም ድምፅ የሚገባው በአብዛኛው ከቀረጻው በኋላ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ቀረጻው ላይ ዳይሬክተሩ እየጮኸ መመሪያ ቢሰጥም ችግር የለም። ተዋናዮቹም እያንዳንዳቸው በመጡበት ቋንቋ ቢያወሩ ችግር የለም። "ጋቶፓርዶ" ላይ ቡርት ላንካስተር በእንግሊዝኛ፣ አሌን ደሎን በፈረንሳይኛ ነው የሚያወሩት። ካርዲናሌም ለአንዱ በእንግሊዝኛ ለሌላው በፈረንሳይኛ ትመልስ ነበር። የኔ ኢንተርኔት ምንም አላጠፋም።

እሷ ደግሞ ያደገችው በፈረንሳይኛ፣ በቤተሰቧ ሲሲሊኛና በቱኒዝ ዐረብኛ ነው። ጣልያንኛን የተማረችው ፊልም ከጀመረች በኋላ ነው። አነጋገሯ ፈረንሳይኛ ፈረንሳይኛ ይላል። ድምፁም ሻካራ ነው፣ ለቆንጆ ልጅ አይሆንም ተባለ። ስለዚህ "ባለ ሻንጣዋ ልጅ" ላይ ድምፁ የአድሪያና አስቲ ነው። "ጋቶፓርዶ" ላይ ደግሞ የሶልቬይ ዳሱንታ። አስቲ ራሷ ተዋናይት ነበረች፣ "ሮኮ" ውስጥ ትታያለች። ማለትም የምኮርጃትን ሴት በአካል አይቻታለሁ፣ ግን አላወቅኳትም!

ሁለት ቀን ያህል ተናድጄ ፊልም አላየሁም። ከዚያ አስተማሪዬ "ፌሊኒን እይ" አለችኝ። የዳይሬክተሩ ፌሊኒ "ስምንት ተኩል" ልክ ከ"ጋቶፓርዶ" ጋር በአንድ ወቅት ነው የተቀረጸው። ቪስኮንቲ ፀጉሯን ጥቁር፣ ፌሊኒ ደግሞ ፈካ ያለ ይፈልግ ነበር፤ ምስኪኗ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠች ቀለም ስትቀያይር ከረመች። ፌሊኒ ግን የሌላ ሰው ድምፅ አልፈልግም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጣልያን ፊልም ውስጥ በራሷ ድምፅ ያወራችው እዚያ ነው።

በጆሮ ማዳመጫ ሰማኋት። መጨረሻው አካባቢ፣ ሌሊት፣ ከተዋናዩ ማስትሮያኒ ጋር ሲያወሩ፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ አጭር መልስ ትመልስለታለች። ሰው መውደድ አያውቅበትም፣ ነው ነገሩ። ድምፁ ከጉሮሮ ነው የሚወጣው። ለስላሳ አይደለም። ካደጉ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ነው፣ ልክ እንደኔ። ሦስቱንም ቀዳሁ። አስተማሪዬ ስትሰማው "አሁን ሰው መሰልክ" አለች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር የያዝኩት የእርጅና ዘመን ቃለ መጠይቆቿን ነው። እዚያ ማንም ድምፅ አይቀይርባትም። ፕሮዲዩሰሩ ክሪስታልዲ ሕይወቷን በውል አስሮ እንደያዘው፣ በ1958 ሎንዶን የወለደችው ልጅ ለዓመታት ታናሽ ወንድሟ ተብሎ እንደኖረ ራሷ ትናገራለች። እያለቀሱ ሰዋስው መማር ካማራችሁ፣ እሱን ስሙ።

አሁን ደግሞ ያልተጠየቅኩትን ምክር ልስጥ። በእንግሊዝኛ ትርጉም እያያችሁ ቋንቋ ተማርኩ አትበሉ፣ የተማራችሁት ማንበብ ነው። የጠበቀና የላላ ፊደል ላይ እኛ ከፈረንጆቹ እንቀድማለን። "ገና" ብለን በዓሉን፣ "ገና" ብለን ጊዜውን የምንለይ ሰዎች ነን። ኖኖና ኖንኖ፣ ዘጠነኛውና አያትየው፣ አፌ ላይ አስቸግረውኝ አያውቁም። ጽሑፍ ላይ ነው ጉዱ። ፊደላችን ማጥበቁን ስለማያሳይ እኔም በላቲን ስጽፍ ድርቡን እረሳለሁ። ለአስተማሪዬ ዕድሜዬን በመልእክት ስጽፍ አንዷን "ን" ዘለልኳት። ዓመት የሚለው ቃል ሌላ ነገር ሆኖ ደረሳት። ምን እንደሆነ ራሳችሁ ፈልጉት። አሁን ደብተሬ ላይ በፊደል ጽፌ የሚጠብቀው ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ።

"ጋቶፓርዶ"ን ለጀማሪ አልመክርም። ፓሌርሞ ፓላዞ ጋንጂ ውስጥ የተቀረጸው ግብዣ ብቻውን ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ አብዛኛው ዳንስ ነው። እኔ አንድ ሳምንት አጠፋሁበት። ዓይን ይጠግባል፣ ጆሮ ይራባል።

የቅዳሜው ፊልም "ባለ ሻንጣዋ ልጅ" ነበር፣ ያው የተጃጃልኩበት። ተመለስኩበት። አሁን ፊቱ የአንዷ፣ ድምፁ የሌላዋ መሆኑን እያወቅኩ ነው ያየሁት። ልናገረውና፣ አስቲ ጎበዝ ናት። የእሷ ዓረፍተ ነገሮች ዛሬም ሳላስበው ከአፌ ይወጣሉ፣ አስተማሪዬ ስልኩ ውስጥ ትስቃለች።

ቀጥሎ ያሰብኩት የ1986ቱ የቴሌቪዥን ሥራ "ላ ስቶሪያ" ነው። ኮሜንቺኒ ከኤልሳ ሞራንቴ ልቦለድ የሠራው፣ ካርዲናሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሮም ውስጥ ልጆቿን የምታሳድግ አስተማሪ የሆነችበት። ረጅም ነው። ከዚያ በፊት ግን "ቢሆን ኖሮ"ን በጣልያንኛ መማር ነበረብኝ። ከአምስት ወር በፊት "ሰኞ እጀምራለሁ" ብዬ ነበር። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።